ጡረታ ሲወጡ ምን ይሥሩ?

በመሸኛው ግብዣ ላይ ንግግሩ ተደርጎ፣ ስጦታው ተሰጥቶ፣ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «እንግዲህ ምን አሰቡ?» ተሸኚው ዝም ማለት ስለሚከብደው «አንዳንድ ነገር ልሞክር ነው» ብሎ ያልፋል። ለአፍ ያህል የተባለው ነገር ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ዕቅድ ይሆናል። ከባንክ ገንዘብ ወጥቶ ባጃጅ ይገዛል፤ የእህት ልጅ ይነዳዋል። ወይም ግቢው ውስጥ ብሎኬት ይራገፋል። ወይም ሦስት መቶ ጫጩት በካርቶን ይመጣል።

ይህ ጽሑፍ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት በአንድ ሙያ ሠርተው ለሚወጡ ሰዎች ነው፤ ለመምህሩ፣ ለነርሷ፣ ለባንክ ሠራተኛው፣ ለመሐንዲሱ፣ ለሒሳብ ሹሟ። በ60 ዓመትዎ በሕግ ቢሰናበቱም፣ ከዚያ በፊት በራስዎ ፈቃድ ወይም በቅነሳ ቢወጡም መንገዱ ብዙም አይለያይም። የምመክረው ነገር በአጭሩ ሲነገር፣ ሥራዎ በአንድ ጊዜ አራት ነገር ይሰጥዎ ነበር፤ ገንዘብ፣ ሰዓት፣ ሰው እና ስም። አብዛኛው ጡረተኛ የሚሳሳተው አራቱንም በአንድ ምት የሚተካ ነገር ሲፈልግ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በስልሳ ዓመት አይገኝም፤ ለየብቻ ግን ሁሉም ይገኛሉ።

አንደኛ፦ የሚያውቅዎት ሰው ሳይርቅ ወረቀቱን ይጨርሱ

ቢያንስ አንድ ዓመት ሲቀርዎት የሰው ሀብት ክፍል ገብተው የግል ማህደርዎን ገጽ በገጽ ይዩ። መጀመሪያ የልደት ዘመንዎን ይፈልጉ። ለጡረታ የሚሠራው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ዕድሜ ነው፤ በኋላ ያወጡት የልደት ምስክር ወረቀት ሌላ ቢልም አይቀየርም። «ገና ሁለት ዓመት አለኝ» እያሉ ሲያስቡ በማህደሩ መሠረት በመጪው ሐምሌ ተሰናባች የሆኑ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ቀጥሎ የአገልግሎት ዘመንዎ ሳይቆራረጥ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ወረዳ ሲሠሩ ቆይተው ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌዴራል ተዛውረው ከሆነ የአንዱ መሥሪያ ቤት ማስረጃ ሳይከተልዎ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ምናልባት ስሙ ተቀይሯል፣ ወይም ከሌላው ጋር ተዋህዷል። በመጨረሻም ስምዎ በማህደሩ፣ በባንክ ደብተርዎና በፋይዳ መታወቂያዎ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን ይመልከቱ። የአንዲት ፊደል ልዩነት ለስንት ጊዜ እንደምታመላልስ ያየ ያውቃታል።

የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲጠይቁ «ከዚህ እስከዚህ ዓመት አገልግለዋል» የምትለውን ባለ ሦስት መስመር ደብዳቤ ብቻ ይዘው አይውጡ። ምን እንደመሩ፣ የትኛውን ፕሮጀክት እንዳስረከቡ፣ ስንት ሰው እንዳሠለጠኑ የሚዘረዝር ይጻፍልዎ። ያንን መጻፍ የሚችለው ሥራዎን በዓይኑ ያየ ኃላፊ ነው፤ እሱም ነገ ይዛወራል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ደግሞ ስልክ ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት የተጠቀሙበት ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ሲወጡ ያስረክባሉ። የቴሌብር ሒሳብዎ፣ የባንክ መተግበሪያዎ፣ የልጆችዎ ትምህርት ቤት፣ የሚያውቁዎት ሰዎች ሁሉ የተያያዙት ከዚያ ቁጥር ጋር ነው። ከስድስት ወር በፊት የግል ቁጥር አውጥተው አንድ በአንድ ያዛውሩ።

ሁለተኛ፦ ገንዘቡን በልብ ሳይሆን በወረቀት ያስሉ

«የደመወዜን ሰባ በመቶ አገኛለሁ» የሚል ወሬ በየቢሮው አለ። ሰባ በመቶ ጣሪያው ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይመራል። ስሌቱ ለሲቪል ሠራተኛ በሁለቱም አንድ ነው፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ሰባ በመቶ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል ማለት ነው።

አማካይ ደመወዝዎ 18,000 ብር ሆኖ 32 ዓመት ካገለገሉ፣ 30 በመቶው ላይ ለ22 ዓመቱ 27.5 በመቶ ተደምሮ 57.5 በመቶ ይመጣል፤ 10,350 ብር ነው። ልብ ይበሉ፣ የተሰላው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት፣ የኃላፊነት አበል አይገቡበትም። የመስክ ሥራ ውሎ አበልም ከዚያች ቀን ጀምሮ የለም። ስለዚህ አበሉ ትልቅ ድርሻ ለነበረው ሰው ወደ ቤት የሚገባው ገንዘብ በግማሽ ሳይሆን ከዚያም በላይ ይቀንሳል። መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ሠርተው ፕሮቪደንት ፈንድ ካለዎት ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ገንዘቡ ባንዴ ይመጣል፣ በየወሩ የሚገባ ነገር ግን ላይኖር ይችላል።

ወጪውን በወር አማካይ አይገምቱት። የእኛ ዓመት እኩል አይደለም፤ መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያና በዓል ተደርቦ ይመጣል፣ ጥር ሰርግ ነው፣ ፋሲካና ኢድ የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው፣ ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ የለውም። አሥራ ሦስቱን ወራት በአንድ ገጽ ላይ ዘርዝረው በየወሩ የሚወጣውን ይጻፉ። ቀይ የሚሆኑት ወራት ስንት እንደሆኑ ሲያዩ፣ ተጨማሪ ገቢ ያስፈልግዎታል ወይስ አያስፈልግዎትም የሚለው ጥያቄ ይመለሳል። መጠኑም ይታወቃል፤ «ገንዘብ ያስፈልገኛል» ማለትና «በዓመት ለአራት ወር ጉድለት መሙያ ያስፈልገኛል» ማለት ለሚቀጥለው ሥራ ምርጫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እዚሁ ገጽ ላይ ሌላ አንድ መስመር ይጨምሩ። ጡረተኛው ሲሞት ለትዳር ጓደኛው የሚተላለፈው የጡረታ አበሉ 50 በመቶ ነው። እርስዎ ቀድመው ቢያልፉ ባለቤትዎ በዚያ መኖር ይችላሉ ወይ? ይህ ጥያቄ ደስ አይልም፤ ግን ቁጠባውን በሙሉ አንድ ንግድ ላይ ከማፍሰስ የሚያግድ እንደዚህ ያለ ጥያቄ አላየሁም።

ሦስተኛ፦ ለስድስት ወር ምንም አይግዙ

ቁጠባዎን፣ ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ክፍያ ካለም እሱን፣ ፕሮቪደንት ፈንዱንም ባንክ ያስቀምጡ። ንግድ አይክፈቱ፣ መኪና አይግዙ፣ ለማንም «አብረን እንሥራ» ባይ አይፈርሙ።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። የባንክ ቁጠባ ወለድ ወለሉ 7 በመቶ ነው፤ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ሄዶ ነበር። ገንዘብ ባንክ ውስጥ ሲቀመጥ ይሟሟል፣ እውነት ነው። ይሁንና በስድስት ወር የሚሟሟው ከአሥር ብር አንድ ወይም ሁለት ነው፤ በችኮላ የተገዛ ያገለገለ ሚኒባስ ግን በስድስት ወር ውስጥ ጋራዥ ቆሞ ግማሹን ይበላል። ንረቱ ካስጨነቀዎት በጊዜ ገደብ የተቀማጭ ሒሳብ ያስገቡት፤ ወለዱ ከተራው ቁጠባ ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ዘመድ ብድር ሲጠይቅ «በጊዜ ገደብ ታስሯል» ሲሉት ውሸት አይሆንብዎትም። ጡረታ የወጣ ሰው ገንዘብ ባንዴ እንዳገኘ አገር ያውቃል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የጠያቂ ወቅት ነው።

ስድስቱ ወር ባዶ አይሁኑ። ያቆዩትን ሕክምና ያድርጉ፣ ዓይንዎንና ጥርስዎን ያሳዩ፤ መሥሪያ ቤቱ ይሸፍንልዎ የነበረው ሕክምና ከስንብት በኋላ ይቀጥል እንደሆነም ይጠይቁ። የትውልድ ቦታዎን ይጎብኙ። እንቅልፍ ይተኙ።

አራተኛ፦ አራቱን ይለያዩዋቸው

አንድ ወረቀት ላይ ገንዘብ፣ ሰዓት፣ ሰው፣ ስም ብለው ይጻፉ። በየአንዳንዱ ሥር ሥራዎ ምን ይሰጥዎ እንደነበርና አሁን የትኛው እንደጎደለዎት በሐቅ ያስፍሩ። ገንዘቡን ቀደም ብለው አስልተውታል፤ እሱ ቀላሉ ነው።

ሰዓት ማለት ጠዋት የሚያስነሳ ነገር ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት በሰርቪስ ሰዓት የተነሳ ሰው ሰርቪሱ ሲቀር ሰውነቱ አሁንም 12 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ግን የሚሄድበት የለም። ለዚህ የሚበጀው ንግድ አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ቀን የሆነ ቦታ፣ በሆነ ሰዓት መገኘት ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የእግር ጉዞ ከሠፈር ሰው ጋር፣ ለጎረቤት ልጆች ሒሳብ ማስጠናት፤ ምንም ይሁን፣ ሰዓቱ ግን የተቆረጠ ይሁን። «ሲመቸኝ እሄዳለሁ» የተባለ ነገር በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል።

ሰው ከሚታሰበው በላይ ይጎድላል። ከሥራ ባልደረባ ጋር ያለው ወዳጅነት የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ ግንብ ላይ ነው፤ ግንቡ ሲቀር ወዳጅነቱም ይሳሳል። ይህን ክህደት አድርገው አይዩት። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አብሮ ሻይ የሚጠጣ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ቤትዎ ድረስ ላይመጣ ይችላል፤ ለሻዩ የሚበቃ እንጂ ለመንገዱ የሚበቃ ዝምድና አልነበራችሁም። ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰው መርጠው ወር በገባ ቁጥር የሚገናኙበት ቀን ይቁረጡ፤ ወርሃዊ ማኅበር ወይም ትንሽ ዕቁብ ካደረጋችሁት ደግሞ ገንዘቡ ሰዉን ይሰበስበዋል። የቀረውን ከሠፈር ይፈልጉ። እድር ላይ ለሃያ ዓመት መዋጮ ብቻ ሲልኩ ከነበሩ አሁን በአካል ይሂዱ።

ስም ከአራቱ ከባዱ ነው። «ዳይሬክተሩ»፣ «ሲስተር»፣ «ኢንጂነር»፣ «ሻለቃ» የሚለው ጥሪ ከወንበሩ ጋር የተጣበቀ ከነበር፣ ወንበሩ ሲለቀቅ ስልኩ ዝም ይላል፤ ጉዳይ አስፈጻሚው ሰላምታ ይቀንሳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ስለ ገንዘብ ይመስላል፤ እኔ እንዳየሁት ግን አንዲት ሳንቲም ያልነኩ ንጹሕ ሠራተኞችም ሲወጡ ይቆጫቸዋል፤ የሚቆጫቸው ስሙ ነው። ያልተነገረለት ቁጭት ደግሞ ውድ ነገር ያስገዛል። ለሠፈሩ የማይመጥን ትልቅ መኪና፣ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ማኅተም ያለው ድርጅት፣ ማንም ያልጠየቀው ሕንፃ፤ ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የስም ጉድለት መሙያ ናቸው። ጉድለቱ ስም ከሆነ በስም ይሙሉት። በሙያ ማኅበር ኮሚቴ ይግቡ፣ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ ይመረጡ፣ ሰበካ ጉባኤ ወይም የመስጊድ ኮሚቴ ላይ ያገልግሉ፣ ሽማግልና ይቀመጡ። እነዚህ ገንዘብ አያመጡም፤ ገንዘብም አይጨርሱም።

ወረቀቱ ሲሞላ ውሳኔው ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል። ሁለት ክፍል የምታከራይ፣ ልጆቿን የጨረሰች መምህርት የጎደላት ሰውና ሰዓት ነው፤ ሱቅ ብትከፍት ከጠዋት እስከ ማታ ባንኮኒ ኋላ ታስራ ሰውም ሰዓትም ታጣለች። ሁለት ልጆቹ ገና ዩኒቨርሲቲ ያሉ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ የጎደለው ገንዘብ ነው፤ ለእሱ የእድር ሊቀመንበርነት ማረፊያ እንጂ መፍትሔ አይሆነውም። ከቀድሞው ማዕረጉ ያነሰ የኮንትራት ሥራ ቢያገኝ አፍንጫውን ሳይነፋ ሊቀበለው ይገባል። ቋሚ ቅጥር ከሆነ ግን ከመፈረሙ በፊት የጡረታ አበሉ ምን እንደሚሆን የማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፉን ሄዶ ይጠይቅ።

አምስተኛ፦ ሰው የሚጠይቅዎትን ይመዝግቡ

ቀጣይ ሥራን ለማግኘት «ምን እወዳለሁ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ለወጣት ይጠቅማል። ለእርስዎ የሚሻለው ሌሎች ምን እንደሚፈልጉብዎት ማየት ነው። በስድስቱ የዝምታ ወራት አንድ ትንሽ ደብተር ይያዙ፤ ሰው ምክር ወይም እርዳታ ሲጠይቅዎ ቀኑንና ጉዳዩን በአንድ መስመር ይጻፉ።

ነርሷን የሠፈሩ ሰው ግፊት ለክታ ትነግረው ዘንድ፣ የሐኪም ወረቀት ታነብለት ዘንድ ይመጣል። የሒሳብ ሠራተኛውን እድሩ መዝገቡን እንዲያስተካክልለት፣ የታችኛው ሠፈር ባለሱቅ የግብር ማስታወቂያ እንዲያስረዳው ይለምናል። መሐንዲሱ ግቢ ውስጥ ውኃ ለምን እንደሚጠራቀም ይጠየቃል። የፍርድ ቤት ሬጅስትራር የነበረው ሰው አቤቱታ ይጻፍልኝ ይባላል። ደብተሩ ላይ አንድ ነገር አምስት ስድስት ጊዜ ከተደጋገመ ገበያው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ሠላሳ ዓመት ያካበተውን እውቀት ጥሎ የማያውቀው ንግድ ውስጥ የሚገባው፣ የሚያውቀው ነገር ቀላል ስለሚመስለው ነው። ቀላል የሆነው ለእሱ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ። ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ያለፈቃድ አይነካም፤ ጥብቅና፣ ሕክምና፣ የተፈቀደለት ሒሳብ አዋቂነት የየራሳቸው ፈቃድ ሰጪ አላቸው፣ «የቀድሞ ባለሙያ» መሆን ብቻውን ከለላ አይሰጥም። ሁለተኛው ዋጋ ነው። ለማን በነፃ፣ ለማን በክፍያ እንደሚሠሩ ከመጀመሪያው ይወስኑና ይናገሩ። ይሉኝታ ይዞዎት በነፃ የጀመሩትን ሥራ በስድስተኛው ወር ዋጋ ማውጣት ጠብ ነው።

ስድስተኛ፦ በትንሹ፣ ገና ሳይታይ ይሞክሩ

ስድስቱ ወር ሲያልቅ ከደብተሩና ከአራቱ ዝርዝር አንድ ወይም ሁለት ሐሳብ ይመርጣሉ። አሁንም ፈቃድ ከማውጣት፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት መሞከር አለ። ሙከራ ማለት ቢከስር ቤተሰብ የማይጎዳበት መጠን ነው።

እስቲ የተለመዱትን እንያቸው።

ዶሮ እርባታ የጡረተኛ ሁሉ ህልም ነው፤ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ወጪው አብዛኛው መኖ ነው፣ የመኖ ዋጋ ደግሞ በእርስዎ እጅ አይደለም፤ አንድ በሽታ ከገባ ቤቱ በሳምንት ባዶ ይሆናል። መጀመር ከፈለጉ በሃምሳ ጫጩት ይጀምሩ፣ አንድ ዙር እስከ ሽያጭ ያድርሱ፤ ክትባቱን፣ መኖውን፣ የሌሊት ሙቀቱን ራስዎ ይያዙ። ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ማሰብ ይቻላል። ብዙ ሰው ሃምሳዋን ከጨረሰ በኋላ ሦስት መቶዋን አይፈልጋትም፤ ያም ጥሩ ውጤት ነው።

ባጃጅና ሚኒባስ ላይ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ራስዎ ካልነዱት ወይም ቢያንስ መካኒክነት ካልገባዎት ይተዉት። ባለንብረቱ ቤት ተቀምጦ የዕለት ገቢ የሚጠብቅበት ሥራ ከሾፌር ጋር የማያባራ ጭቅጭቅ ነው፤ ሾፌሩ ዘመድ ሲሆን ደግሞ ጭቅጭቁ ወደ ቤተሰብ ይገባል።

ክፍል ሠርቶ ማከራየት ከሁሉም የተረጋጋው ነው፤ ቦታው ካለዎት። ሆኖም እንደድሮው በቃል የሚሆን ነገር አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያስገድዳል፤ ዋጋ መጨመርም በፈለጉ ጊዜ አይቻልም። የኪራይ ገቢ ግብርም አለበት። ግንባታ ከመጀመርዎ በፊት ወረዳውን ጠይቀው ግብሩን ቀንሰው ያስሉ። ብድር ወስዶ በጡረታ ዕድሜ መገንባትን እኔ አልመክርም።

ቦታ ያለው ሰው ንብ ቢያስብ አይከፋም። ሁለት ዘመናዊ ቀፎ ይዞ አንድ ዓመት ማየት ይቻላል፤ ቦታ አይሻማም፣ በየቀኑ አይጠብቅም፣ አደይ አበባ ከረገፈች በኋላ የሚቆረጠው ማር ደግሞ ለራስ ቤትም ይሆናል። ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከል ለዓመታት በዚህ የሠራ ነው፤ በየወረዳው ያለ የግብርና ባለሙያም መነሻ ያሳያል። ጎረቤት በጣም የተጠጋበት ግቢ ውስጥ ግን አይሆንም።

ማማከር ጥሩ ቃል ነው፤ ደንበኛ ከሌለ ግን ሥራ የለም። ሙከራው ቀላል ነው፦ ቢሮ ሳይከራዩ፣ ካርድ ሳያሳትሙ፣ የሚያውቁዎትን አምስት ድርጅቶች ሄደው አንድ የተወሰነ ሥራ ያቅርቡላቸው። «ላማክራችሁ» አይበሉ። «የንብረት ቆጠራችሁን በአንድ ወር አስተካክዬ አስረክባለሁ፣ ዋጋዬ ይህ ነው» ይበሉ። አምስቱም እምቢ ካሉ የቢሮ ኪራዩን አትርፈዋል።

እነዚህን ሙከራዎች ከጡረታ በፊት መጀመር የቻለ ሰው ደግሞ ግማሹን መንገድ ሄዷል። አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴን ሰው የሚያነሳው ሩጫ አቁሞ ነጋዴ እንደሆነ አድርጎ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲያ አይደለም። እሱ የጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1994 ዓ.ም. ነው፤ ቦሌ መንገድ ላይ ያለው ዓለም ሕንፃውም ገና በውድድር ላይ ሳለ የተሠራ ነው። በውድድር የመጨረሻውን ስንብት ያደረገው ግን በ2007 ዓ.ም. ነው። እሱም ቢሆን በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ የኒው ዮርክ ማራቶንን ጉልበቱን አሞት ሲያቋርጥ «በቃኝ» ብሎ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐሳቡን ለውጧል። በሕመምና በንዴት ቀን የተነገረ ውሳኔ ምን ያህል እንደሚጸና ከዚህ ይታያል።

ሐዲስ ዓለማየሁም አሉ። ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነው ሲያገለግሉ በኖሩበት ዘመን በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ፤ ከሥልጣን ከራቁ በኋላ፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው ወዲያ፣ በ1974 «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ በ1980 ደግሞ «የልምዣት»ን ጨመሩ። ድርሰት ለእሳቸው የጡረታ ማሳለፊያ አልነበረም፤ በሥራ ዘመናቸው ጎን ለጎን የያዙት ነገር ነው፤ ሹመቱ ሲሄድ እሱ ቀረ። እርስዎም ምናልባት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርጉት፣ ማንም የማይከፍልዎት ነገር ይኖራል። እንጨት መሥራት፣ የአካባቢ ታሪክ መሰብሰብ፣ ዜማ ማስተማር፣ አትክልት። እሱን ሳይመረምሩ ባዕድ ነገር ፍለጋ አይሂዱ።

ሰባተኛ፦ ከቤት ጋር ተነጋግረው ይወስኑ

ጡረታ ሲወጡ የሚገቡት ሌላ ሰው የሚመራው ቤት ውስጥ ነው። ወንዶች ይህን ዘግይተው ይረዱታል። ትናንት ስድስት ክፍል ይመራ የነበረ ሰው ዛሬ የጎመንና የሽንኩርት ደረሰኝ መጠየቅ ይጀምራል፣ ሠራተኛዋን ይገመግማል፣ ማድ ቤት ቆሞ ሐሳብ ይሰጣል። ባለቤቱ ለሁለት ወር ትታገሣለች። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ተቀምጠው ይነጋገሩ፦ ቀን ላይ የት ነው የምውለው? የትኛው የቤት ሥራ የኔ ይሆናል? ገንዘቡን ማን ይይዛል?

የሴት ጡረተኛ ችግር ሌላ ነው። እሷ ከቢሮ ወጣች እንጂ ከቤት ሥራ ማን አሰናበታት! «አሁን እኮ ጊዜ አለሽ» እየተባለ የዘመድ ድግስ፣ የለቅሶ ቤት ወጥ፣ የልጅ ልጅ ጥበቃ ሁሉ ወደሷ ይመጣል። እናት ሆነው ይህን የሚያነቡ ከሆነ በሳምንት ሁለት ቀን የራሴ ነው ብለው ይቁረጡ፤ ቀኖቹንም ለልጆችዎ ይንገሯቸው። ሲያስቀይማቸው ያያሉ፤ ይለምዱታል።

ልጅ ውጭ ካለ ደግሞ ግብዣ ይመጣል። «እማዬ፣ ነይና ልጄን ጠብቂልኝ» ይላል ከዋሽንግተን ወይም ከቶሮንቶ። ደስ የሚል ጥሪ ነው፤ ግን የጎብኚ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ወር ያህል ነው፣ ክረምቱ ብርድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር አፓርትማ ውስጥ መዋል ሥራ ነው፤ አውቶብስ የማይይዙበት፣ ቋንቋው የማይመችዎት ከተማ ከሆነ ደግሞ ሰዓት ቢኖርዎትም ሰው አይኖርዎትም። ከመሄድዎ በፊት ከልጅዎ ጋር የሚቆዩበትን ጊዜ በግልጽ ይቁረጡ። የጡረታ አበልዎን የሚከታተል፣ ቤት የሚጠብቅ ሰው ውክልና ይስጡ፤ ውክልናውም ምን ምን እንደሚፈቅድ በዝርዝር ይጻፍ። «ሁሉንም» የሚል ውክልና ለወንድምም ቢሆን አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ አንድ ዓመት ሲሞላ አራቱን መስመሮች እንደገና ይክፈቱ። ያልተሞላው የትኛው ነው? የጀመሩት ሙከራ የትኛውንም ካልሞላ ይዝጉት፤ ዕቃውን ይሽጡ፣ ፈቃድ አውጥተው ከነበር ግብሩ እንዳይቆጠርብዎ በወቅቱ ይመልሱት። ሰው «ተወው?» ብሎ ቢጠይቅ ማስረዳት የለብዎትም። አለቃ የለዎትም።